ጉልበቱና ነርቩ የተጎዳን ተጫዋች መምረጥ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ፉትቦል የዳላስ ካውቦይስ ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ (ድራፍት) ጉልበቱ ክፉኛ የተጎዳውን ጄይለን ስሚዝን በ34ኛ ተራ መምረጡ ተገቢ ነበርን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስሚዝ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ለኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲጫወት ሁለት የጉልበት ጅማቶቹ የተበጠሱ ሲሆን፣ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ የሚያነሣው ነርቭ መጎዳቱ ነበር። ጅማት በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ነርቭ ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ ሙሉ በሙሉ ማገገሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ የሚችል ሐኪም የለም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት የካውቦይስ ሐኪም ስለነበረ ቡድኑ ጉዳቱን በቅርብ ያውቅ ነበር። እኔ ምርጫውን የምደግፈው በተለይ በቡድኑ ትዕግሥት ምክንያት ነው፤ ወጣቱን ሳያጣድፉት 2016ን ሙሉ አሳረፉት፣ በ2017 እግሩን በሚደግፍ ማሰሪያ ተጫወተ፣ በ2019 የውድድር ዘመንም የሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች ለሚጠሩበት ለፕሮ ቦውል ተመረጠ።