በክሎሪን የታከመ ጓንት ለላቴክስ አለርጂ ይሆናል?

ወንድሜ፣ ነርስ ባለቤትህ የላቴክስ አለርጂ ስላለባት «በክሎሪን የታከመ» የሚል የላቴክስ ጓንት ብታደርግ ይሻላት እንደሆነ ጠይቀሃል። አለርጂው በምርመራ ከተረጋገጠ፣ እባክህ አታድርግ።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራ ጎማ ነው፤ አለርጂውን የሚቀሰቅሱት ከዚያ ወተት የሚመጡ ፕሮቲኖች ናቸው። ፋብሪካው ጓንቱን በሙቅ ውሃ ሲያጥበው የሚሟሟው ፕሮቲን ይወጣል። ክሎሪን ደግሞ የጓንቱን ገጽ ለውጦ መጣበቁን ያስቀራል፤ ስለዚህ ዱቄት አያስፈልግም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዱቄቱ ፕሮቲኑን ተሸክሞ አየር ላይ ይበትነዋል። ጓንት ያላደረገ ሰው እንኳ አስሙ ሊነሳበት ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ዱቄት ያላቸውን የሕክምና ጓንቶች ያገደችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፕሮቲኑን በኢንዛይም የመሰባበር ዘዴም አለ። ሁሉም ግን ይቀንሳሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፉም። አለርጂው ለጸናበት ሰው ትንሿም ትበቃለች።

ናይትራይል ጓንት ትጠቀም፤ ናይትራይል ላቴክስ የሌለበት ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። አብረዋት የሚሠሩትም ቢያንስ ዱቄት የሌለው ያድርጉ።

በናይትራይልም እጇን ካሳከካት፣ ጓንቱን ለማጠንከር የሚጨመሩት ኬሚካሎች ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱ በብዙ የናይትራይል ጓንቶችም ውስጥ አሉ፤ የቆዳ ሐኪም በምርመራ ይለያቸዋል። ሙዝ ወይም አቮካዶ ስትበላ አፏን የሚያሳክካት ከሆነም ለሐኪሙ ትንገረው፤ ከላቴክስ አለርጂ ጋር ይያያዛል።