«ዲስክ ተንሸራቷል» ተብያለሁ፤ መዳኛዬ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ጎማ ሳነሣ ወገቤን ያዘኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከግራ መቀመጫዬ ተነሥቶ በቅልጥሜ ጎን እስከ እግሬ አውራ ጣት ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነሥቼ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቷል ተባልኩ። ወዳጆቼ ወጌሻ እንዲመልስልኝ ይመክሩኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ተንሸራቷል» የሚለው ቃል ብዙ ታካሚዎቼን ከሕመሙ በላይ ሲያስጨንቃቸው ስለማይ ከእርሱ ልጀምር። አከርካሪያችን በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ ደግሞ 5 አጥንቶች ተደራርበው የሚገኙበት ሲሆን፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ዙሪያው ጠንካራ ቃጫ፣ መሐሉ ዝልግልግ ነው። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ በመሆኑ ከቦታው አይንሸራተትም፤ ቃጫው ሲሰነጠቅ ግን ዝልግልጉ ወደ ኋላ ገፍቶ በአጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። ያ ነርቭ ወደ እግር የሚወርድ ስለሆነ ጉዳቱ ወገብ ላይ ሆኖ ሕመሙ አውራ ጣትዎ ላይ ይሰማል። ስለዚህ ወጌሻ በእጁ ገፍቶ የሚመልሰው ነገር የለም፤ የተቆጣን ነርቭ ይዞ ወገብን ማስጠምዘዝም ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ፣ የሚያበቃው ከተጎዳው ዲስክዎ በላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ዲስክ የሚጫነው የነርቭ ሥርን እንጂ ሕብለ ሰረሰርን አይደለም። የወጣውን ዝልግልግ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊመጥጠው ስለሚችል፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡም የገፋ ዲስክ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ስለዚህም ውሳኔ የሚሰጠው በምስሉ ብቻ ሳይሆን በምርመራ ጭምር ነው።

ለቀናት አይተኙ፤ አቅምዎ በፈቀደ መጠን ይራመዱ፣ ረጅም መንገድ ሲነዱም በየመሐሉ ወርደው ይንቀሳቀሱ። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለሳምንታት መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሐኪም ሳያማክሩ አያድርጉት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሳይዎትን እንቅስቃሴ በትጋት ይሥሩ። ይህን ሁሉ አድርገው የእግሩ ሕመም ካልቀነሰ ቀዶ ሕክምና ተገቢ አማራጭ ይሆናል።

ሆኖም ሽንት እምቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘዎት፣ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከዛሉ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ መዘግየቱ ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ ክብደት መቀነስም ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታ አከርካሪንም ያጠቃል፣ በአገራችንም ብርቅ አይደለም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይድናል።

ዛሬውኑ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ፦ ግድግዳ ይዘው በተረከዝዎ ብቻ ጥቂት እርምጃ ይራመዱ። የግራ እግርዎ ፊት አልነሣም ብሎ ከወደቀ ነርቩ እየደከመ ነውና ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይታዩ።