ያልሰማችሁትን ፊደል አትጻፉ

ይድረስ ለሬዲዮ ወዳጅ ወጣቶች፣

ባለፈው ነሐሴ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ እዚህ ደቡብ ጀርመን እኔ ቤት አድሮ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቀሰቀስኩትና ከጣሪያው ሥር ወዳለችው የሬዲዮ ክፍሌ ይዤው ወጣሁ። በኮምፒውተሩ ላይ ብቅ እያሉ የሚጠፉትን ፊደላት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲመለከት ቆየና፣ «ጋሼ፣ የሚልከው ኮምፒውተር፣ የሚቀበለውም ኮምፒውተር፤ የእርስዎ ሥራ ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ። እንቅልፉን ስለነሳሁት እንዲህ ቢወጋኝ አልፈርድበትም። እዚያው የሰጠሁት መልስ ግን እኔንም አላረካኝም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የእኛ ሥራ የሬዲዮ ሞገድን በተወርዋሪ ኮከብ ዱካ ላይ አንጥሮ ከሩቅ ጣቢያ ጋር መነጋገር ነው። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ የጠፈር ብናኝ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገች ወደ ከባቢ አየር ስትገባ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነድዳ ታልቃለች። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ይህንን ነው። ዓይን ብርሃኑን ያያል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ከኋላዋ የምትተወውን፣ ከአቶም የተላቀቁ ኤሌክትሮኖች የሞሉበትን ቀጭን ዱካ ነው። በ144 ሜጋኸርዝ የምንልከው ሞገድ እንደ ወትሮው ቢሆን አድማሱን አልፎ ወደ ጠፈር ይሄዳል፤ ዱካው ሲያገኘው ግን ነጥሮ ወደ ምድር ይመለሳል፣ አንዳንዴም 2000 ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ዱካው ወዲያው ስለሚበተን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ዕድል ነው። «ፒንግ» እንለዋለን። ድምፁም ብርጭቆን በማንኪያ ጫፍ ነካ የማድረግ ያህል ነው።

እኔ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስጀምር መልእክቱ የሚላከው አንድም ጆሮ ሊከተለው በማይችል ፍጥነት በሚሮጥ ሞርስ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚተካው ምልክት) ነበር። አምስት ደቂቃ እልካለሁ፣ አምስት ደቂቃ በቴፕ እቀዳለሁ፤ ከዚያ ቴፑን አዘግይቼ ፊደል በፊደል እለቅማለሁ። ለአንድ ግንኙነት የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ይያዝ ነበር፤ ሰዓቱ አልቆም ምንም ያልተያዘባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ ጆ ቴይለር መጣ። ይህ ሰው ከራስል ሀልስ ጋር ከሌላ ኮከብ ጋር ተጣምሮ ስለሚዞር ፑልሳር (የሬዲዮ ሞገድ በምት የሚልክ ኮከብ) ባደረገው ግኝት በ1993 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ፣ ከልጅነቱ የአማተር ሬዲዮ (ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) ሰው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሮግራም በሰከንድ 147 ፊደላት መላክ ተቻለ። ዛሬ የምንጠቀምበት ኤምኤስኬ144 የተባለው የኮምፒውተር አላላክ ዘዴ ደግሞ ሙሉ መልእክት በ72 ሚሊሰከንድ ይልካል። የእኔ የ15 ሰከንድ ተራ፣ ከዚያ የእናንተ 15 ሰከንድ። ድሮ ሌሊቱን የሚፈጀው ሥራ አሁን አንዳንዴ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ቴፑ ናፍቆኝ ያውቃል? በፍጹም አያውቅም። ናፍቆት የሚያወሩ እኩዮቼ ጀርባቸው የታመመበትን ክረምት ረስተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ግንኙነት ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ ነው? ሁለቱም ወገኖች ሁለቱን የጥሪ ምልክቶች (የየጣቢያው መለያ የሆኑትን ፊደላትና ቁጥሮች)፣ ሪፖርቱን፣ እንዲሁም «ደርሶኛል» ማለት የሆነችውን «አር» የተባለች ፊደል ሲሰሙ ነው። በአውሮፓ በተለመደው አሠራር ሪፖርቱ ሁለት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያው ፒንጉ የቆየበትን ጊዜ፣ ሁለተኛው ጥንካሬውን ይናገራል። 26 ከላካችሁ በኋላ ምልክቱ አሥር እጥፍ ቢጠነክርም እስከ መጨረሻው 26 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ከአንዱ ፒንግ ግማሹን፣ ከሌላው ቀሪውን እየሰበሰበ ይሆናል፤ መሐል ላይ ከቀየራችሁበት ቁርጥራጮቹ አይገጥሙለትም።

ሁሉም ሳይሰማ አይመዘገብም የሚለውን ሕግ ጠንቅቄ እያወቅሁ ነው የጣስኩት። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአንድ ትልቅ የሬዲዮ ግንኙነት ውድድር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከምሥራቅ አንድ ጣቢያ ጠራኝ። ሪፖርቱን ያዝኩ፣ አሩንም ያዝኩ፤ ከጥሪ ምልክቱ ግን የመጨረሻዋ ፊደል በጩኸት ተዋጠች። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ሌሎች እየጠሩኝ ነው፣ ሰዓቱ ይሮጣል። በመጨረሻ የታወቁ ጣቢያዎችን ዝርዝር ገለጥኩ፣ በዚያ አካባቢ የሚመስለውን መረጥኩ፣ ጻፍኩት። ወራት አልፈው ከዚያ ጣቢያ የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ መጣ፤ የመጨረሻዋ ፊደል እኔ የጻፍኳት አልነበረችም። ውጤቱ ሲወጣም አዘጋጆቹ መዝገቦችን እርስ በርስ አመሳክረው 1,800 ነጥብ ገደማ ሰርዘውብኝ አገኘሁት። ነጥቡ አላስቆጨኝም ብል አታምኑኝም። የበለጠ ያሳፈረኝ ግን ካርዱ ነው። ሰውየው ስሜን አስተካክሎ ጽፎ፣ «ስለ መልካም ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ» ብሎኝ ነበር።

የእናንተ ፈተና ከእኔ ይከፋል። ቴፕ ፊደል ይነሣችሁ እንደሆነ እንጂ አይሰጣችሁም። ዛሬ ግን ከሬዲዮው መስኮት አጠገብ ሌላ የውይይት መስኮት ተከፍቷል፤ ሰውየው እዚያው «አርህ ደርሶኛል፣ የእኔስ?» ብሎ ይጽፍላችኋል። ቀጠሮ በኢንተርኔት መያዝ ምንም ነውር የለበትም፤ እኛም በአጭር ሞገድ እንይዝ ነበር። ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን የጎደለው ፊደል በዚያ መንገድ ከመጣ፣ የተነጋገራችሁት በኮከብ ሳይሆን በኬብል ነው። ግንኙነቱ ሲጀመር ያንን መስኮት ዝጉት።

ውድድር ላይ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የማይገኝ ሌላ ሥራ አለ። በአውሮፓ በመስከረም የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ (በእኛ ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት) በ144 ሜጋኸርዝ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር ውሰዱ። በአዲስ አበባ ሰዓት ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ እሁድ በዚያው ሰዓት ያበቃል። አንድ ኪሎ ሜትር አንድ ነጥብ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ የቅርብ ጣቢያዎች ሁሉ ተጠርተው ያልቃሉ። በዚያ ሰሞን ታላቅ የኮከብ ዝናብ (ተወርዋሪዎች በብዛት የሚወርዱበት ጊዜ) የለም፤ ነገር ግን ብቸኛ ተወርዋሪዎች ሁልጊዜ አሉ፤ በጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይበዛሉ፣ በምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ያንሳሉ። ጎህ ሲቀድ የቆማችሁበት የምድር ገጽ ወደ ጉዞዋ አቅጣጫ ይዞራልና። በክረምት ዝናብ የሚሮጥ አውቶቡስ የፊት መስተዋቱ ነው የሚመታው። እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው፦ አንቴናውን ወደ ከተሞቹ መልሳችሁ 150፣ 200 ኪሎ ሜትር እየለቀማችሁ ትቀጥላላችሁ ወይስ ግማሽ ሰዓት ዝምታ ከፍላችሁ አንድ ባለ 1,900 ትጠብቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ጠብቄ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። ቢሆንም በሁለቱ መካከል መወላወል ከሁለቱም የከፋ ነው፤ አሥር ደቂቃ ጠብቆ የተወ ሰው ዝምታውንም ከፍሎ ኮከቡንም አላገኘም። አቅጣጫውም ቢሆን ልክ ወደ ሰውየው ላይሆን ይችላል፤ ጥሩው ዱካ ከቀጥታው መስመር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል።

ጎረቤቶቻችሁንም አስቡ። በአንድ አካባቢ ያሉ ጣቢያዎች ተነጋግረው በአንድ ተራ ካልላኩ አንዱ ሌላውን ሲያደነቁር ያነጋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት በአንድ ሰከንድ እንኳ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ።

አገር ቤት ላላችሁት፦ በአምስት ኪሎ ያለው የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ በዓለም የአማተሮች ዘንድ ስሙ የተከበረ ነው። አማተሮች ዓለምን በካሬ በሚከፍሉበት የመገኛ ካርታ ላይ አዲስ አበባ ኬጄ99 ናት። ጂዳ 1,400 ኪሎ ሜትር፣ ናይሮቢ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ሁለቱም ኮከብ ከሚያደርሰው ርቀት ውስጥ ናቸው። የሚጎድለው በዚያኛው ጫፍ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው፣ አንድ እጅ ደግሞ ብቻውን አያጨበጭብም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ፣ የየአገሩን ፈቃድ አውጡና ያንን ሁለተኛ እጅ ሁኑ። ያለ ፈቃድ ግን አንዲት ሰከንድ አትላኩ። በአውሮፓ ያላችሁት መስማቱን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ፤ ግራቭ የተባለው የፈረንሳይ የጠፈር መከታተያ ራዳር በ143.050 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ ይልካል፤ ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያና በቀላል አንቴና የተወርዋሪዎቹን ማሚቶ ትሰማላችሁ። ደመና አያግደውም። ነሐሴ 6 እና 7፣ ታኅሣሥ 4 እና 5፣ ከገና በፊት ደግሞ ታኅሣሥ 25 አካባቢ የኮከብ ዝናብ የሚበረታባቸው፣ እንቅልፍ የማይወሰድባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ያ ተማሪ የመጣውም ነሐሴ 7 ሌሊት ነበር። ጥያቄውን ከጠየቀኝ በኋላ ከአንድ የደቡብ ጣሊያን ጣቢያ ጋር ተያያዝን። የጥሪ ምልክቱ መጣ፣ ሪፖርቱ መጣ፤ አሩ ቀረ። ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች። «ጋሼ፣ ሰምቶናል እኮ፤ ለምን አይመዘግቡትም?» አለኝ። እኔም ያላለቁትን የምጽፍበትን ደብተር አውጥቼ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጎደለውን በቀይ ብዕር ጻፍኩ፤ መዝገቡን ከፈትኩና ምንም ሳልጨምርበት ዘጋሁት። ልጁ ደብተሩን ተቀብሎ ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። አርባ ሁለት ገጽ ነው፣ ሁሉም ቀይ።