ኖራ መቼ ነው የተለወጠችው?

ጥያቄ፦ የኖርዌዩን ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰንን «የአሻንጉሊት ቤት» ለመድረክ እያዘጋጀን ነው። ልምምዱን ያዩ ሁሉ ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ «ኖራ መጨረሻ ላይ ድንገት ሌላ ሰው ሆነች» ይሉናል። ምኑ ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ ችግሩ ሦስተኛው ገቢር ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ይመስለናል። ኖራን ቂል አድርጋችሁ ከጀመራችሁ፣ ባሏንና ልጆቿን ትታ የምትሄድበት የኋላ ድፍረቷ ከሰማይ የወረደ ይሆናል። ተውኔቱ በ1879 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ሲበቃ ኖርዌይ ውስጥ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበር። ኖራ ግን የታመመ ባሏን ለማዳን የአባቷን ፊርማ አስመስላ 4,800 ክሮነር ተበድራለች፤ ሌሊት ጽሑፍ እየገለበጠች ዕዳዋን በድብቅ ትከፍላለች። (አባትየው የሞቱት ሴፕቴምበር 29፣ የፊርማው ቀን ደግሞ ኦክቶበር 2! የተያዘችው በዚህ ነው።) ስለዚህ ባሏ የከለከላትን ብስኩት ደብቃ በልታ አፏን ስትጠርግ የሚታየው ልጅነት ሳይሆን የሠለጠነ እጅ ይሁን።

ባሏን ቶርቫልድንም ጨካኝ አታድርጉት። ሚስቱን ከልቡ ያቆላምጣል፤ የደብዳቤ ሳጥኑ ቁልፍ ግን ከኪሱ አይወጣም። ይህ ይበቃል።

መጨረሻው ላይ የጭፈራ ልብሷን ቀይራ ስትመለስ አታስጩኋት። «ተቀመጥ» ስትለው ድምጿ ዝቅ ይበል። ጀርመን ውስጥ ተዋናይቷ ልጆቿን ጥላ መሄዱን እንቢ በማለቷ ኢብሰን ራሱ የጻፈው ሌላ መጨረሻም አለ፤ እሱን አትጠቀሙበት።