የተራራ ላይ መናፈሻዎች

ጥያቄ፦ ከደሴ የጻፉልን አንባቢ፣ «ቅኝ ገዥዎች በእስያ ተራሮች ላይ ከተማ የሠሩት ለምን ነበር? በኋላስ ለምን ወና ቀረ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የወጣ ሰው ምክንያቱን በአካሉ ያውቀዋል፤ የቆላው ሐሩር ሲከብዳቸው ብሪታንያውያን ከእ.ኤ.አ. 1864 ጀምሮ የሙቀቱን ወራት የሕንድ መዲና በተራራማዋ ከተማ በሺምላ አደረጉ፤ ፈረንሳውያንም በካምቦዲያው ቦኮር ተራራ እ.ኤ.አ. በ1925 ሆቴል ከፈቱ። ቦኮርን በመጀመሪያ ከፈረንሳይ አገዛዝ ለመላቀቅ የተደረገው የነጻነት ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ የካምቦዲያ ኮሚኒስት አማፅያን የሆኑት የክመር ሩዥ ውጊያ ባዶ አስቀሩት። ወደ ቦኮር የሚያወጣውን መንገድ ሲሠሩ ሕይወታቸውን ያጡት ሠራተኞች ከሆቴሉ አስቀድመው ሊታወሱ ይገባል እንላለን። ቅኝ ገዥዎች በተራሮች ላይ ያቋቋሟቸው የሻይ እርሻዎች ግን ሁሉም አልተተዉም፤ በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) እ.ኤ.አ. በ1869 የታየው የቡና ቅጠል ዋግ ቡናውን ካጠፋ በኋላ የተስፋፋውን ሻይ፣ ከደቡብ ሕንድ የመጡት የታሚል ሕዝብ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ይለቅሙታል።