የአባቴን ቶርኖ እንዴት ላዘግየው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዳማ ሲሆን ከአባቴ በወረስኩት የእንጨት ቶርኖ የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያና ሙቀጫ እየሠራሁ እተዳደራለሁ። ሞተሩ ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ 1.5 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቺንጊያውን በሦስቱ የፑሊ ደረጃዎች ላይ እያዘዋወርኩ በደቂቃ 700፣ 1,300 ወይም 2,400 ዙር አገኛለሁ። አሁን 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ገበቴ ታዝዣለሁ፤ በ700 ዙር ሳስነሣው ግን ማሽኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ወዳጄ የጣሪያ ማራገቢያ ፍጥነት መቀነሻ ቢገጥምልኝ፣ ሞተሩ እያጓራ ጋለ እንጂ አልዘገየም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ገበቴውን በ700 ዙር ማስነሣቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ይህን ያህል ስፋት ያለው እንጨት በዚያ ፍጥነት ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ገና ክቡ ያልተስተካከለ ግንድ ከመያዣው ቢያመልጥ የሚያገኘው ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ መነሻው 300 ዙር ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል።

የማራገቢያው መቀነሻ ያልሠራበት ምክንያት የእርስዎ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው በዋናነት ከቮልቴጁ ሳይሆን ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ፣ ማለትም ፍሰቱ በሰከንድ ከሚመላለስበት ብዛት በመሆኑ ነው። በአገራችን ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ስለሆነ ባለ አራት ዋልታ ሞተር በስሌት 1,500፣ ጭነት ሲያርፍበት ደግሞ 1,400 አካባቢ ዙር ይዞራል። መቀነሻው ቮልቴጁን ብቻ ሲያሳንስ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ከዚያ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ማራገቢያ ሲዘገይ ጭነቱም አብሮ ስለሚቀልለት ይህን ይችለዋል፤ መሮ የተደገፈበት ዋንዛ ግን አይቀልም።

የሚያስፈልግዎ ድግግሞሹን ራሱን የሚለዋውጥ መሣሪያ፣ ማለትም ቪኤፍዲ ነው። ነጋዴዎች ኢንቨርተር ስለሚሉትም ሲጠይቁ የሞተር መሆኑን ይግለጹ፤ አለበለዚያ የሶላር ኢንቨርተር ያወጡልዎታል። መሣሪያው የሚገባውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ፍሰት ይለውጠውና ከዚያ በፈለጉት ድግግሞሽ አዲስ ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ 220 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ የሚቀበለውን ከመረጡ ቆጣሪዎን ወደ ባለ ሦስት ፌዝ ማስቀየር አይጠበቅብዎትም።

የሚከብደው ነገር የአባትዎ ሞተር ከዚህ መሣሪያ ጋር አለመስማማቱ ነው። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ብዙውን ጊዜ በካፓሲተር የሚረዳ የማስነሻ ጥቅል አለው፤ ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ሲደርስ በውስጡ ያለ ማብሪያ ይህን ጥቅል ይቆርጠዋል። ሞተሩን ሲያዘገዩት ማብሪያው ተመልሶ ይገጥምና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራው ጥቅል ሳይቋረጥ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ይቃጠላል። አሮጌውን ለመሳያ ድንጋይ ያውሉትና ለቶርኖው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ፦ 220/380 የሚል ከሆነ በዴልታ (ሦስቱ ጥቅሎች ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን በሚያያዙበት አስተሳሰር) ታስሮ በ220 ቮልት ይሠራል፤ 380/660 የሚል ከሆነ ግን ለእርስዎ አይሆንም።

በመጠኑ ላይ አይቆጥቡ። አዲሱ ሞተር ለምሳሌ 1.5 ኪሎ ዋት (2 የፈረስ ጉልበት ገደማ) ከሆነ የ2.2 ኪሎ ዋት ቪኤፍዲ እንዲገዙ እመክራለሁ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሙሉ አቅማቸው የተለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ይቀነስላቸዋል፤ አዳማ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ሙቀትም የማያጣት ከተማ ናት። የእንጨት ብናኝ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ስለሚደፍን መሣሪያውን ከቶርኖው ራቅ አድርገው፣ ብናኝ በማያስገባ ሰፊ የብረት ሳጥን ውስጥ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የፍጥነት ማዞሪያውን ብቻ በሽቦ እጅዎ ወደሚደርስበት ቦታ ያምጡት።

ፑሊዎቹንና ቺንጊያውን አውጥተው እንዳይጥሉ አደራ። ከ50 ኸርዝ በታች የሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት ብዙም ሳይቀንስ ይቆያል፤ ኃይሉ ግን ከፍጥነቱ ጋር ይወርዳል። ቺንጊያውን በ700 ደረጃ ላይ ትተው ድግግሞሹን ወደ 20 ኸርዝ ቢያወርዱ 280 ዙር ያገኛሉ፤ ከሞተሩ ኃይልም 40 በመቶ ይቀርልዎታል። ይህንኑ 280 ዙር ከ2,400 ደረጃ ላይ ለማግኘት ቢሞክሩ ግን ወደ 6 ኸርዝ መውረድ ይኖርብዎታል፤ ያን ጊዜ መሮው ሲነካው ይቆማል፣ በሞተሩ ዘንግ ላይ የተገጠመው ማራገቢያም ስለሚዘገይ ሞተሩ ይግላል።

መብራት በሚጠፋና በሚመጣበት ሰፈር ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማስነሻው ነገር ነው። ተጭኖ በቦታው የሚቀር ማብሪያ ከተጠቀሙ፣ መብራት ሲመለስ እጅዎ እንጨቱ ላይ እያለ ቶርኖው በራሱ ሊነሣ ይችላል። ሲለቁት የሚመለስ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያስገጥሙ፣ መሣሪያውም ከመቋረጥ በኋላ በራሱ እንዳይነሣ ሆኖ ይስተካከል። በቪኤፍዲውና በሞተሩ መካከል ማብሪያ አይግባ፤ ሞተሩ እየዞረ በዚያ መስመር ላይ ማቋረጥ መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል። የቶርኖው አካልና ሞተሩ በመሬት ሽቦ ይያያዙ፤ ሥራውንም የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም በመሣሪያው ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ለደቂቃዎች ስለሚቆይ፣ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቅ።

ጥያቄ፦ እኔ በሐዋሳ የምሠራ አናጢ ነኝ። ባለ ሦስት ፌዝ መስመርም ሞተርም አለኝ። ቪኤፍዲ ባስገባ ለብርጭቆ ወረቀት ሥራ ወደ ኋላም ማዞር እችላለሁ ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የእርስዎ ሞተር በ380 ቮልት እየሠራ ስለሆነ አሁን እንደታሰረ ይቆይ፤ የሚገዙት 380 ቮልት የሚቀበለውን ቪኤፍዲ ነው። ነገር ግን የእንጨት መያዣው በዘንጉ ላይ በጥርስ ብቻ የሚጠመዘዝ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሲዞር ራሱን ፈትቶ ከነእንጨቱ ሊወድቅ ይችላል። በዘንጉ ላይ በብሎን እስኪቆለፍ ድረስ የኋላ ዙሩ ተዘግቶ ይቆይ። ከባድ ገበቴ ድንገት ሲቆምም መያዣው በዚያው መንገድ ስለሚፈታ፣ የማቆሚያውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ አያሳጥሩት።