ኢግቦዎች ገናን ለምን በትውልድ ቀያቸው ያከብራሉ? (የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ)

ባለፈው እትማችን ገና በልዩ ልዩ አገሮች እንዴት እንደሚከበር ባቀረብነው አጭር ጽሑፍ ውስጥ፣ የናይጄሪያ ኢግቦዎች ለበዓሉ ከየከተማው ወደ ገጠር እንደሚጎርፉ ጠቅሰን ነበር። ይህን ተከትሎ ከሰሜን ሸዋ ሁለት ደብዳቤዎች ስለደረሱን የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የታሪክ መምህር ነኝ። በእኛ በመንዝ ገና ሲነሣ የሚታሰበን ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ማደሩና ከሰዓት በኋላ በመስኩ ላይ የሚደረገው የገና ጨዋታ ነው እንጂ ረጅም ጉዞ አይደለም። ኢግቦዎች በዓሉን ከጉዞ ጋር ያስተሳሰሩት በምን ምክንያት ነው? ክርስትናስ የደረሳቸው መቼ ነው?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር ለመጀመሪያውም መንገድ ይከፍትልናል። የኢግቦ ሕዝብ በዋነኛነት የሚኖረው በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ አቢያ፣ አናምብራ፣ ኤቦኒ፣ ኤኑጉና ኢሞ በተባሉት አምስት ክፍላተ ግዛት ነው። የአንግሊካን ሚሲዮን በኒጀር ወንዝ ዳር በምትገኘው በኦኒቻ ከተማ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1857 ሲሆን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ደግሞ በ1885 እዚያው ደረሱ። መጽሐፍ ቅዱስ በኢግቦኛ ተሟልቶ የታተመው በ1913 ነው። ስለዚህ የእነርሱ ክርስትና ከእኛው ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙኃኑ ኢግቦ ክርስቲያን ነው፤ ከእነርሱም መካከል ካቶሊኮች እጅግ ብዙ ናቸው። በዓሉን የሚያከብሩት በታኅሣሥ 25 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ይህም በእኛ በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል።

የኢግቦን ገና ለመረዳት ከእኛው ገና ይልቅ የጉራጌን መስቀል ማሰብ ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ በመርካቶ ሲነግድ የከረመ ሰው ለመስቀል ሱቁን ዘግቶ አገር ቤት እንደሚገባ ሁሉ፣ በሌጎስ፣ በአቡጃ፣ በካኖና በፖርት ሐርኮርት የሚነግደው ኢግቦም በዚያን ወር መጨረሻ ሱቁን ቆልፎ ወደ አባቱ መንደር ይሄዳል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡትም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በኢግቦ ነጋዴዎች ዘንድ ወጣቱን ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ ጌታ ዘንድ አስቀምጦ ንግድ ማስተማርና በመጨረሻም መነሻ ካፒታል ሰጥቶ ማሰናበት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ካፒታሉን የተቀበለ ወጣት ራሱን ችሎ ወደ ወላጆቹ የሚገባበት የመጀመሪያው ገና ለቤተሰቡ ምን ያህል ደስታ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ጉዞው ከዚህ ወር ጋር የተሳሰረበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ኢግቦላንድ ሕዝብ የተጨናነቀበት፣ መሬቱም ጠባብ የሆነበት አገር ስለሆነ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን የባቡር ሐዲድ፣ የመንግሥት ቢሮና አዳዲስ ከተሞች ሲከፈቱ ብዙ ሰው ለሥራ ወጣ፤ ለእነዚህ ሠራተኞች ዕረፍት የሚሰጠው ደግሞ በገና ሰሞን ነበር። ወቅቱም ይመቻል፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ያም የተባለው የሥራ ሥር ምርት ተሰብስቧል፣ ከሰሃራ የሚነሣው ሃርማታን የተባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ ማለዳውን ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ቀድሞውንም ደረቁ ወራት የጭፈራና የጉባኤ ጊዜ ስለነበር አዲሱ በዓል በአሮጌው ወቅት ላይ በቀላሉ ተደላደለ።

በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1966 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የደረሰው መከራ ነው። በዚያ ዓመት በሰሜን ናይጄሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የተረፉት ንብረታቸውን ጥለው ወደ ምሥራቅ ሸሹ። ቀጥሎም ምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም ከናይጄሪያ ለመገንጠል በመነሣቱ ከ1967 እስከ 1970 የቢያፍራ ጦርነት ተካሄደ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናት፣ በረሀብ አለቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ በባንክ ገንዘብ የነበራቸው ሰዎች፣ ያስቀመጡት ምንም ያህል ቢሆን፣ 20 ፓውንድ ብቻ እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ በፖርት ሐርኮርት የነበራቸው ቤትም የተተወ ንብረት ተብሎ የተወሰደባቸው ብዙዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ያየ ትውልድ፣ ከቦታው ማንም የማያፈናቅለው በአባቱ መሬት ላይ ብቻ እንደሆነ ቢያምን አይፈረድበትም። በሌጎስ የናጠጠ ነጋዴ ሆኖ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ የሚተኛበትን ትልቅ ቤት በመንደሩ የሚሠራው ሰው ለታይታ ብቻ የሠራው የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ነጥሎ ማየቱ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከምዕራብ የሚመጣው ተጓዥ አብዛኛው አሳባን ከኦኒቻ በሚያገናኘው የኒጀር ድልድይ ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ የተጠናቀቀው ይህ ድልድይ በጦርነቱ ጊዜ ከፊሉ በፈንጂ ፈርሶ ኋላ ተጠግኗል፤ በገና ሰሞን የመኪናው ሰልፍ ሰዓታት የሚወስድበት ስፍራም ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛው ድልድይ በታኅሣሥ 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለበዓሉ ተጓዦች በጊዜያዊነት ሲከፈት ትልቅ እፎይታ ሆኗል።

በመንደሩ ውስጥ የሚሆነው ነገር ከቅዳሴው ባሻገር እጅግ ሰፊ ነው። እንግዳ በገባበት ቤት ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀርበው ኮላ የተባለው የሚታኘክ መራራ ፍሬ ነው፤ በዕድሜ የገፋው አባት ፍሬውን ይዞ ለቤቱና ለእንግዳው ጤና፣ ዕድሜና ልጅ ይለምናል፤ ጸሎቱም በኢግቦኛ እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ የዘንባባ ጠጅ ይቀርባል። ፍየልና ዶሮ ይታረዳል፤ ሩዝ ዛሬ የዕለት ምግብ ቢሆንም፣ በዕድሜ የገፉት ኢግቦዎች በልጅነታቸው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በተለይም በገና፣ ይበሉት እንደነበር በናፍቆት ያስታውሳሉ። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ይዞራሉ፤ በየደረሱበትም ምግብና ጥቂት ሳንቲም ይሰጣቸዋል።

ከበዓሉ ቀን እስከ አዲስ ዓመት ባሉት ቀናት ደግሞ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ጊዜ መሠራት ያለበት ሁሉ ይሠራል። ሠርግ ይበዛል፤ በባህላዊው ሥነ ሥርዓት ሙሽራይቱ በጽዋ የተቀዳ የዘንባባ ጠጅ ይዛ ሙሽራውን ከእንግዶቹ መካከል ትፈልገውና ተንበርክካ ስትሰጠው ጋብቻው በሕዝብ ፊት ይጸናል። ዘመድ እስኪሰበሰብ የቆየ ቀብርም የሚፈጸመው በአብዛኛው በዚህ ሰሞን ነው። የመሬት ክርክር በሽማግሌ ፊት ይታያል። በተለይ ሊደነቅ የሚገባው የመንደር ልማት ማኅበራቸው ነው፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ይህ ማኅበር በገና ሰሞን ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ መዋጮ ይጥላል፣ ሒሳብ ያስመረምራል፣ ቀጣዩን ሥራ ይወስናል። በኢግቦላንድ ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የገጠር መንገዶች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ውጭ አገር የሚኖሩ ሐኪሞችም ለበዓሉ ሲመጡ በመንደራቸው ነፃ ሕክምና የሚሰጡበት ጊዜ አለ። የመንዝም ሆነ የተጉለት ተወላጅ ማኅበራት ሊመለከቱት የሚገባ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሸክሙም መነገር አለበት። የትራንስፖርት ዋጋ በበዓሉ መዳረሻ በእጅጉ ይንራል፤ ኑሮው ያልተቃናለት ሰው ባዶ እጁን ላለመግባት ሲል ከተማ ይቀራል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በአካባቢው በሰፈነው የጸጥታ ችግርና በመንገድ ላይ እገታ ምክንያት ጉዞውን የሰረዙ ቤተሰቦች አሉ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍላችሁ። የእህቴ ልጅ በሥራ ምክንያት ሌጎስ ትኖራለች፤ አንዲት የኢግቦ ባልደረባዋ ዘንድሮ ለገና ወደ አገሯ ይዛት ልትሄድ ጋብዛታለች። እኛ ቤት ያሳሰበን ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ በመንደሩ ጭምብል የለበሱ ሰዎች ይወጣሉ መባሉ፣ ሁለተኛ ያ ጊዜ ለእኛ ጾመ ነቢያት መሆኑ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ክብርት እመቤት፣ ጭምብሉ ምማንዉ ይባላል፤ በቀድሞው እምነት ከሙታን ዓለም የመጣ የአባቶች መንፈስ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ከጭምብሉ ስር ያለው ሰው ማንነት ለሴቶችና ሥርዓቱን ላልፈጸሙ ወንዶች አይገለጥም። ከሁሉ የሚገዝፈው የአናምብራው ኢጀሌ አራት ሜትር ያህል ይቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ሲሆን፣ ልብሱንና ማደሪያውን ለማዘጋጀት መቶ ሰዎች ስድስት ወር እንደሚሠሩ ድርጅቱ መዝግቧል። ዛሬ ብዙዎች ጭምብሉን እንደ ባህል ጨዋታ ያዩታል፤ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ግን አሁንም ክርክር አለ፤ በተለይ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት አጥብቀው ይቃወሙታል። አለንጋ ይዘው ወጣቶችን የሚያባርሩ ስላሉ ልጅዎ ከአስተናጋጆቿ ጋር ሆና ከሩቅ ብትመለከት ይበቃታል፤ ሥርዓቱ ውስጥ እንድትገባ የሚያስገድዳት የለም።

ስለ ጾሙ እንዳሉት ነው፤ እነርሱ ፍስክ በሚበሉበት ቀን የእኛ ጾም ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ለባልደረባዋ አስቀድማ ብትነግራት መልካም ነው፤ ምክንያቱም ጆሎፍ የሚባለው ሩዝ ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ይበስላል፣ ሾርባዎቹም ያለ ሥጋ ወይም ያለ ደረቅ ዓሣ እምብዛም አይሠሩም። በደቡባችን ቦዬ ከሚባለው ጋር የሚቀራረበው ያም ተቀቅሎ በዘንባባ ዘይት ሲቀርብ፣ የተጠበሰ ፕላንቴን የሚባለው ትልቅ ሙዝ፣ እንዲሁም በኤኑጉ አካባቢ የሚወደደው ኦክፓ ግን ለጾመኛ ይሆናሉ። ኦክፓ ከመሬት ሥር ከሚያፈራ ጥራጥሬ ዱቄት፣ ከዘንባባ ዘይትና ከበርበሬ ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው። ስትሄድ ለቤቱ ልጆች ዳቦና ብስኩት ትያዝ፤ ኮላም ሆነ ሌላ ነገር ሲሰጧት በግራ እጇ አትቀበል፣ ነውር ነውና። ጉዞውንም ከበዓሉ ጥቂት ቀን አስቀድመው፣ በቀን ብርሃን ቢያደርጉት ይሻላል።